ዘጠኝ ሰዓት

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እጄ ራሱ ያውቃል፤
ሰዓት ሳላይለት መሮውን ይለቃል፣
ኪሴን ይዳብሳል።
እግሬም እንደ ለመደ በቅሎ
ወደ ቆጪ ቁልቁል ያዘነብላል።
«ቁጭ በል» እለዋለሁ። ቅር እያለው ይቀመጣል።
ካቆምኩ ዛሬ አርባ አንድ ቀኔ፤
የሞተ ሰው እንኳ በአርባው ተዝካሩ ይወጣል፣
የእኔ ሐራራ ግን ገና ትናንት እንደ ሞተ
ለቅሶ ድረሱኝ ይላል።

ጓደኞቼን አላማም።
ሻፊ አለ፣ ሳቁ ቆርቆሮ የሚያነሳ፤
ጉቱ አለ፣ ባጃጁን በር ላይ ገትሮ
አንድ እግሩን አጥፎ፣ ትራሱን አመቻችቶ
አጋሮን ከባሕር በባቡር የሚያገናኝ።
ከነሱ ጋር ስንት ፎቅ ሠራሁ፣ ስንት አገር ገዛሁ፤
ማታ በጨብሲ አፈረስኩት፣
ጠዋት ባዶ ኪሴን ያዝኩ።
ውሸት ነበር ሁሉ።
ግን ያ ውሸት ሰው ነበረበት፤
ይሄ እውነት ግን፦
አንድ ክፍል፣ አንድ አምፖል፣ አንድ እኔ።

ሆስፒታል ያለችው ሲስተር ፋንቱ
«መንገድህን ቀይር» ብላኝ ነበር።
ቀየርኩ። በአዌቱ ድልድይ ዞሬ፣
የፈረንጅ አራዳን ዛፎች ጥላ ጥላቸውን ይዤ እሄዳለሁ።
መንገድ ሲቀየር ግን ሰላምታም አብሮ እንደሚቀር
እሱን አልነገረችኝም።

ሌሊት ዱካክ ይመጣል።
ትናንት ወንድሜን መስሎ ደረቴ ላይ ተቀመጠ፤
«ብቻህን ነህ» አለኝ።
«አንተስ?» አልኩት።
መልስ አጣ፤ ለካ እሱም
ከእኔ ሌላ የሚሄድበት የለው።

ቀን ቀን ከዋንዛ ግንድ በርጩማ እፈለፍላለሁ።
ወለሉ ቢጎረብጥ ሦስት እግር አይናጋም፤
«አራት ሲሆን ነው የሚወላገደው» ይለኝ ነበር አባቴ።
ሁለቱን ለራሴ አስቀርቻለሁ፦
አንዱ ላይ እኔ፣
አንዱ ላይ የታጠበ ሸሚዝ።

ባለፈው ሐሙስ ዝናቡ ጣሪያውን ሲወቅጥ
በሬ ተንኳኳ።
«ጉቱ ነኝ።»
ዝም።
«እንዳለህማ አውቃለሁ፣ መብራቱ ይታያል።»
አጠፋሁት።
ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስ
ደፉ ላይ ቁጭ አለ፤ ጀርባውን ሲሰጠው በሩ ተንቋቋ።
እኔም በውስጥ በኩል በርጩማዬን ስቤ
ጀርባዬን አስደገፍኩ።
በመካከላችን ሁለት ጣት የማይሞላ ሳንቃ።
አላወራንም።
እሱ ያስላል፣ እኔ አስላለሁ፤
ዝናቡ ስለ ሦስታችን ያወራል።
መቼ እንዳባራ፣ መቼ እንደሄደ
አልሰማሁም።

ጠዋት ስከፍት ግቢው ጭቃ ነው፤
ደፉ ግን በአንድ ሰው ልክ ደርቋል።
አጠገቡ በኮባ የተጠቀለለ፣
ስሙን የማልጠራው፣
ሳይፈታ።
ረስቶት? ትቶልኝ?
ወይስ ትቶት?

እጄ ያውቃል ብዬ የለ፤
ሳላዘው ጎንበስ አለ።
የወይዘሮ ዘቢባ ፍየል ግን ከእጄ ትፈጥናለች፤
ከነኮባው ነጥቃ አቮካዶው ሥር ገባች፣
ጨረሰች።
ያን ቀን፣ ያን ሌሊት
ዓይኗን አልከደነች፤
አጥሩን ስትለካ፣ ግድግዳውን ስትመክር፣
እሷም እንደኛ አገር ስትገነባ አነጋች።

ሳቅኩ።
ካቆምኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ፣ እንባዬ እስኪወርድ።
ከዚያ ዞር አልኩ፣
ልነግረው።
ሸሚዙ ነበር።

ሸሚዙን አንስቼ ምስማር ላይ ሰቀልኩት፤
በርጩማውን ወለወልኩት፣
ወደ በሩ ጠጋ አደረግኩት።

ዛሬም ሐሙስ ነው። በጅረን በኩል ደመናው ከብዷል።
ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤
በሩን ገና አልከፈትኩም።
አምፖሉን ግን
ሳይመሽ አበራሁት።